መራራ በትርንጎ

ንፋስ መውጫ ደርሶ የወይዘሮ ካሣነሽን ጠጅ ያልቀመሰ መንገደኛ አገሩን አየሁ አይልም ነበር። ወይዘሮ ካሣነሽ ግን ምስጋናውን ለራሳቸው አያስቀሩትም። «እኔ እጅ ብቻ ነኝ፤ ምላሱ የልጄ ነው» ይላሉ።

እውነታቸውን ነው። ዓለምጸሐይ ከልጅነቷ ጀምራ ማር በጣቷ ጫፍ ቀምሳ፣ ይኼ የአደይ ነው፣ ይኼ የግራር ነው፣ ይኼኛው ሲቆረጥ ጢስ በዝቶበታል ብላ ትለይ ነበር። አባቷ ከሞቱ ወዲህ የቤቱ እንጀራ በዚያች ምላስ ላይ የቆመ ነው።

በሃምሳ ሁለት ዓመተ ምሕረት፣ በነሐሴ፣ ብርቱ ትኩሳት ጣላት። አሥራ አምስት ቀን ተኝታ ተነሣች። እናቷ እልል ብለው ለማርያም ስለት አገቡ። ዓለምጸሐይ ግን የቀረበላትን ሽሮ ስትጎርስ ጭቃ የጎረሰች መሰላት። ጨው የለው፣ በርበሬ የለው፣ ሽታ የለው። ነገ ይመለሳል ብላ ዝም አለች። እንቁጣጣሽ አለፈ፣ መስቀል አለፈ፤ ጣዕሙ አልተመለሰም። የዓመቱ ማር የሚገዛበት የኅዳር ገበያ እየቀረበ ነበር። ለእናቷ ምን ብላ ትንገራቸው?

ያን ሰሞን ነው ደምሌ የመጣው። የመካነ ኢየሱስ ከተማ ልጅ ነው፤ ስምንት ዓመት ጎንደር በአንድ ጣሊያን መጠጥ ቤት ውስጥ ሠርቷል። ሽማግሌው ጣሊያን ወደ አገሩ ሲመለስ ሁለት ሣጥን ጠርሙስ ለስንብት ሰጠው። በውስጡ ያለው ከሥራ ሥርና ከቅጠል የተዘጋጀ፣ እንደ ቡና አተላ የጠቆረ መጠጥ ነበር። ደምሌ አክስቱን እትዬ ቦጋለችን ይዞ ከጠጅ ቤቱ ፊት ለፊት አንዲት ክፍል ተከራየና ጠርሙሶቹን ደረደረ።

የቀመሰው ሁሉ ተፋው።

«ኮሶ ነው እንዴ?» አለ አንዱ ገበሬ አፉን እየጠረገ። «ኮሶ የምጠጣው ሆዴን ሲያመኝ ነው፤ ያውም በነጻ!»

አንድ ቀን ዓለምጸሐይ ከእትዬ ቦጋለች ወንፊት ልትዋስ ገባች። ደምሌ ብርጭቆ እያጠበ ነበር። ቀና ብሎ አያት፤ እጁ ውሃው ውስጥ ቆመ።

«ቅመሽው እስቲ» አላት። «አማሮ ነው ስሙ። በጣሊያን አፍ መራራ ማለት ነው።»

«መራራውን አማሮ? እኛ እኮ ያማረውን ነው አማረ የምንል።»

ሳቀ። ቀዳላት። እሷ ሁሉ ነገር ውሃ ሆኖባት ስለከረመ፣ ይኼንንም እንደ ውሃ ጨለጠችው።

«ኧረ ቀስ!» አለ ደንግጦ።

ቆመች። ከምላሷ ሥር፣ ከሩቅ፣ አንድ ነገር መጣ። እንደተዘጋ በር ቀስ ብሎ ተንኳኳ፤ ከዚያ ጠነከረ። መረራት። ከነሐሴ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ መረራት! እንባዋ በጉንጯ ወረደ።

«ይቅር በዪኝ፤ ምን አደረግሁ! ውሃ ላምጣልሽ?»

«አታምጣ!» አለች አፏን በእጇ ሸፍና። «ውሃ ያጠፋብኛል።»

ለእናቷ ያልነገረችውን ለዚህ ለማታውቀው ሰው ነገረችው። እንዳይናገርም አስማለችው። ደምሌ ሳያቋርጣት ሰማት፤ ሲበቃት ጠርሙሱን በጣቱ መታ መታ አድርጎ፣ «ሽማግሌው አንድ ነገር አስተምሮኛል» አለ። «ይኼ መጠጥ ብቻውን ሰው ያስቀይማል፤ ባልንጀራ ሲያገኝ ግን ሌላ ነው። ባልንጀራውን ማግኘት ነው ሙያው። እንፈልግለት?»

ከዚያ ቀን ወዲያ፣ እናቷ ለቀትር ዕረፍት ጋደም ሲሉ፣ ዓለምጸሐይ መንገዱን ትሻገራለች። እትዬ ቦጋለች በሩ ላይ ጥጥ እየፈተሉ ይቀመጣሉ። እሷ ዓይኗን ጨፍና አንዲት ጉንጭ ትጠጣለች፤ ደምሌ ከጎኗ አንድ ነገር በሳህን ያኖርላታል። የገብስ ቆሎ ሲያኖር የሰማችው መንኮሻኮሹን ብቻ ነበር። ጥቁር አዝሙዱ መራራውን አባሰው። «ሁለት ኩሩዎች አንድ ቤት አይገቡም» አለ ደምሌ። በሶ በቅቤ ለውሶ ሲያቀርብማ ራሱ ቀምሶ ፊቱ ሲጨማደድ፣ እሷ እስክትንፈራፈር ሳቀች።

«እግዜር ይይላችሁ» አሉ እትዬ ቦጋለች ከበሩ። «ቅቤና ኮሶ!»

ማር ሲያኖርላት ግን ሳቁ ቀረ። መራራው ለዘብ ከማለቱ በቀር ምንም አልነበረም። ማሯ ዲዳ ሆነባት። ደምሌ ፊቷን አየና ሳህኑን አነሣ።

በማግስቱ የመጠጥ ቤቱ በር ተዘጋ። በሁለተኛው ቀንም፣ በሦስተኛውም። ዓለምጸሐይ እንስራ ይዛ ወጣች፤ ያለ ነገር መጥረጊያ ይዛ ወጣች። በአራተኛው ቀን ደምሌ አቧራ ለብሶ፣ ከንፈሩ ተሰነጣጥቆ፣ ስልቻ ተሸክሞ መጣ። እስከ ስማዳ ቆላ ወርዶ ኖሯል። ከስልቻው ስድስት ትርንጎ አወጣ።

«ለዚህ ነው አራት ቀን የተጓዝኸው?»

«ጣሊያኑ ከብርቱካን ልጣጭ ጋር ነበር የሚወደው። ብርቱካን ባጣ ትርንጎ አገኘሁ።»

ልጣጩን በቢላ ላጥ አድርጎ ሰጣት። አንዴ ተጎነጨች፤ ልጣጩን ነከሰች። መጀመሪያ መራራው መጣ። ከኋላው አንድ ነገር በአፍንጫዋ ሽቅብ ወጣ፤ ቢጫ፣ ቀዝቃዛ፣ እንደ ጠዋት ፀሐይ የሚያበራ።

«ደምሌ! ትርንጎ! ትርንጎ ነው!» ብላ እጁን ያዘችው።

እጁን አልለቀቀችም። እሱም አልሳበም። እትዬ ቦጋለች በደህና ጉሮሯቸው ሳሉ።

ሳሉ እንጂ፣ ወይዘሮ ካሣነሽ መምጣታቸውን አላዩም ነበር።

«ልጅሽ ከመጠጥ ቤት ትውላለች ሲሉኝ የምቀኛ ወሬ ነው ብዬ ነበር!» አሉ ከደጃፉ ቆመው። «አንተ የሰው አገር ሰው! ልጄን ልታሰክር ነው ወይስ የጠጄን ሙያ ልታወጣ?»

ደምሌ ተነሣ። አንዲት ቃል ቢናገር ይድን ነበር። ዓለምጸሐይን አያት፤ ራሷን በፍርሃት ነቀነቀች።

«ጥፋቱ የኔ ነው፣ እመይቴ» አለ አንገቱን ደፍቶ።

እስከ ገበያው ድረስ ዓለምጸሐይ መንገዱን አልተሻገረችም። እናቷ ያን ሰው በሰደቡት ቁጥር እሷ ትቃጠላለች።

የኅዳር ሚካኤል ዋዜማ የማር ነጋዴው ገብሬ አምስት ጉንዶ ነጭ ማር አራግፎ ጠጅ ቤቱ ውስጥ ተቀመጠ። መልኩ እንደ ወተት ነው። ወይዘሮ ካሣነሽ በደስታ ልጃቸውን ጠሩ።

ዓለምጸሐይ በጣቷ ነክታ ቀመሰች። ጣፋጭነቱ ብቻ ተመልሶላታል፤ ከዚያ ወዲያ ዝም። ዝም ያለው ማሩ ነው ወይስ ምላሷ? እናቷ ዓይን ዓይኗን ያያሉ። ደግ ነው ብትል ነገሩ ባለቀ። ግን ማሩ ክፉ ከሆነ የዓመቱ ጠጅ በየጋኑ ሊበላሽ ነው።

«እማዬ፣ ምላሴ ታሟል» አለች። «ከነሐሴ ጀምሮ ነው የደበቅኩዎ። ያ ሰው ሲያክመኝ ነበር እንጂ አላሰከረኝም። አሁን አንድ ነገር ይፍቀዱልኝ።»

መልስ ሳትጠብቅ መንገዱን ተሻገረች። ስትመለስ ደምሌ ጠርሙስና አንድ የቀረች ትርንጎ ይዞ ተከትሏታል።

ጠጣች፤ ልጣጩን ነከሰች፤ እስኪያልፍ ታገሠች። መጀመሪያ አምና የቀረውን የቤቱን ማር ቀመሰች። ቀስ ብሎ አበባው መጣ፣ አደዩ መጣ፣ የቀፎው ሰም ሳይቀር መጣ። ከዚያ የገብሬን ማር ቀመሰች።

«ይኼ ማር አበባ አያውቅም» አለች። «ስኳር ተፈልቶ ገብቶበታል።»

«በሚካኤል ስም! እንዲህ ያለ ነገር...» ብሎ ገብሬ ዘሎ ተነሣ። አንዴ እሷን፣ አንዴ ጉንዶውን አየ፤ ድምፁ ወረደ። «ግማሹ ብቻ ነው» አለ።

ገብሬ ጭነቱን ሰብስቦ ሲወጣ ወይዘሮ ካሣነሽ በርጩማቸው ላይ ቁጭ ብለው ቀሩ። ልጃቸውን ሳብ አድርገው ግንባሯን ሳሙ፤ ከዚያ ወደ ደምሌ ዞሩ።

«ያን ዕለት ስሰድብህ ሕመሟን ታውቅ ነበር። ለምን አልተናገርህም?»

«ምሥጢሩ የኔ አልነበረማ፣ እመይቴ።»

ወይዘሮ ካሣነሽ በእጁ ወዳለው ጠርሙስ አመለከቱ። ከዚያ ብርጭቆ ጠየቁ፤ አንዴ ተጎነጩና ዓይናቸው ተጨፈነ፣ ትከሻቸው ተንቀጠቀጠ።

«አምላኬ!» አሉ። «ይኼን እየጠጣች የምትስቅ ልጅ ካለችኝ፣ ነገሩስ የመጠጥ አይደለም። ሽማግሌህን ላክ።»

ጥምቀት ባለፈ በሳምንቱ ሠርጉ ሆነ። ያ ኮሶ ነው ያለው ገበሬ ሳይቀር፣ ከቁርጡ በኋላ አማሮውን ከቆላ በመጣ አዲስ ትርንጎ ልጣጭ ቀምሶ ድገሙኝ አለ፤ ፀሐይ ሳትጠልቅ ጠርሙሱ ሁሉ ባዶ ሆነ።

ደምሌ እስክስታ ወርዶ እያለከለከ ዳሱ ውስጥ ከሙሽራዋ ጎን ተቀመጠ። አንድ ነገር ሊነግራት ወደ ጆሮዋ ሲጠጋ ዓለምጸሐይ ደርቃ ቀረች።

«ምን ሆንሽ?»

«ቆይ፣ አትነቃነቅ።»

አራት ወር ሙሉ ስትወደው የራሱን ጠረን አታውቀውም ነበር። አሁን መጣ። አዲስ ጥጥ፣ የጭፈራ ላብ፣ ከሥሩ ደግሞ እንደ ሞቀ እህል ያለ አንድ ነገር፤ ማሩን ሁሉ በስሙ የምትጠራው ሴት ስም ያጣችለት ነገር።

«ገና ዛሬ ሸተትኸኝ» አለችው።

ደምሌ ደንግጦ እጀ ጠባቡን አሸተተ። «ክፉ ነው እንዴ?»

ሳቋ ዘፋኞቹን አስቆመ። ወይዘሮ ካሣነሽ ከማዶ ዞረው አዩ። ዓለምጸሐይ እንባዋን በነጠላዋ ጫፍ እየጠረገች ትከሻው ላይ ዘንበል አለች።

«ስሙ ጠፋኝ» አለችው። «እስካገኝለት ድረስ ከዚህ አትነሣ።»