ሁለት አጎት በአንድ ቋጠሮ

«እስቲ ትንሽ ዞር በልልኝ፤ ከልጄ ጋር የግል ጨዋታ አለኝ» አሉ ጋሼ ወዬሳ።

«ወዴት ልዙርልህ?» አሉ ጋሼ ሰንበታ፣ የነጠላቸውን ጫፍ ከፍ አድርገው እያሳዩ። «እኔ ከዞርኩ አንተም መዞርህ ነው!»

እውነታቸውን ነው። የሁለቱ ነጠላ ጫፍ ለጫፍ ጥብቅ ተደርጎ ተቋጥሯል፤ ያስቋጠሩትም የአዳማው ዳኛ ናቸው። በዚያን ዘመን ተሟጋቾች ዋስ ካጡ፣ ፍርድ እስኪሰጥ ድረስ አንዱ እንዳይጠፋ ከሌላው ጋር በቁራኛ ይታሰር ነበር። ለእነዚህ ሁለት ሰዎች ደግሞ ዋስ ይገኛል ብሎ ማሰብ ዘበት ነው። በአዳማ ከሁለቱም ጋር ያልተጣላ ሰው ቢኖር፣ ገና ከባቡር የወረደ እንግዳ ብቻ ነው።

መሰለች ደጃፉ ላይ ተቀምጣ ምስር እየለቀመች ሳቋን ዋጥ አደረገች። ዐሥራ አራት ዓመቷ ነው። እናቷን በልጅነቷ አጥታለች፤ አባቷ ጉተማ ደግሞ በዚህ ክረምት ሞቱባት። የባቡር ሐዲድ ሠራተኛ ነበሩ፤ የተዉላትም ከጣቢያው ፊት ለፊት ያለውን ይህን ባለቆርቆሮ ቤት ነው። ቤቱ የእሷ መሆኑን ማንም አልካደም። ጠቡ «እስክታድግ ድረስ ሞግዚት ሆኖ ቤቱን የሚይዝላት ማነው?» በሚለው ላይ ነው። የአባቷ ወንድም ጋሼ ወዬሳ ለግሪኩ ነጋዴ ለሙሴ ያኒ ሊሸጡት ቋምጠዋል። የእናቷ ወንድም ጋሼ ሰንበታ ጠጅ ቤት ሊያደርጉት አስበዋል። ሁለቱም ታዲያ «ለልጅቷ ብዬ ነው» ይላሉ። መሰለች የምትፈልገው እዚያው ቤቷ መኖር ነው፤ ይህን ግን የጠየቃት የለም።

ጋሼ ወዬሳ አፋቸውን ወደ ጆሮዋ አስጠጉ። ጋሼ ሰንበታም ተጎትተው አብረው ጎንበስ አሉ።

«ነገ ዳኛው ‹ማንን ትመርጫለሽ?› ሲሉሽ እኔን በዪ» ብለው አንሾካሾኩ ጋሼ ወዬሳ። «የሐር ሻሽ እገዛልሻለሁ።»

«እኔ ሻሹን ከነቀሚሱ!» አሉ ጋሼ ሰንበታ።

«አንተን ማን ስማ አለህ?»

«ጆሮዬን ነቅዬ የት ላስቀምጠው?»

ከታሰሩ ጀምሮ ነገራቸው ሁሉ እንዲህ ነው። ትናንት ጋሼ ወዬሳ ሙሴ ያኒ ሱቅ ሄደው ስለ ቤቱ ወሬ ሲጀምሩ፣ ጋሼ ሰንበታ ከጎናቸው ሆነው «ጣሪያው ያፈሳል፤ ምሰሶውንም ምስጥ ጨርሶታል» እያሉ ገበያውን አበላሹባቸው። ዛሬ ጠዋት ደግሞ ጋሼ ሰንበታ የጠጅ ጋን አሸክመው ሲመጡ፣ ጋሼ ወዬሳ በሩ ላይ ተዘርግተው ተኙ። ሲተኙ ጋሼ ሰንበታንም ይዘው ወደቁ። ተሸካሚው ሁለቱን ተራምዶ ማለፍ ነውር ሆኖበት ጋኑን ይዞ ተመለሰ። መሰለች ልብ ብላ አየች፤ ሁለቱ ከተቋጠሩ ወዲህ ቤቷን የነካው ሰው የለም።

«ለመሆኑ በቅሎዎቹ የት ናቸው?» አለች ድንገት።

ችሎት ላይ ሙግቱ ሲጦፍ ጋሼ ወዬሳ «ብረታ በቅሎ እሰጥ!» ብለው ተወራርደው ነበር። ጋሼ ሰንበታም እንዳይበለጡ «እኔ ብረታ ሰጋር በቅሎ፣ ከነኮርቻዋ!» አሉ። የተረታው ሰው ውርርድ ደግሞ የዳኛው ነው።

«የእኔዋ ቢሾፍቱ ናት፤ ዘመድ ቤት» አሉ ጋሼ ወዬሳ።

«እንኳን በቅሎ አህያ አለህ እንዴ?»

«አንተስ?»

ጋሼ ሰንበታ መሬት መሬት አዩ። «ያ ዋቃ፣ አምላኬ!» አሉ፤ «አፌ ቀደመኝ።»

መሰለች ሳቀች፤ ወዲያው ግን አባቷን ቀብረው ሲመለሱ ጋሼ ወዬሳ እንደ ሕፃን እያለቀሱ ያቀፏት ትዝ አላት። ስትታመም ያኔ ከነበሩበት ከቢሾፍቱ በእግራቸው የመጡላት ደግሞ ጋሼ ሰንበታ ናቸው። አንዱን ብትመርጥ ቤቷ ይሄዳል፤ ያልተመረጠው ደግሞ በሌለው በቅሎ ይዋረዳል። ተናደደችባቸውም፣ አሳዘኗትም።

በማግስቱ ጠዋት በሩን ቆልፋ፣ ችሎቱ ወደሚቀመጥበት ግራር ሥር ሁለቱን አስከትላ ሄደች። ዳኛው ፊታቸው በርቷል። በቅሏቸው አርጅታባቸዋል፤ ማንም ተረታ ማን፣ ዛሬ አዲስ ይጭናሉ።

«በይ ልጄ፣ ማንን መረጥሽ?»

«ሁለቱንም።»

«ምን?»

«ሁለቱንም ጌታዬ። አንዱ ያለ ሌላው ፈቃድ እንዳይሸጥ፣ እንዳያከራይ፣ ጋን እንዳያስገባ። እኔም ቤቴ ልኑር።» «ሰሞኑን ተቋጥረው አይቻቸዋለሁ። አንዱ ሌላውን በመጠበቅ ማንም አይበልጣቸውም።»

ችሎቱን የከበበው ሰው በሳቅ አውካካ።

«ታዲያ የተረታው ማነው?» አሉ ዳኛው ግንባራቸውን ቋጥረው።

«ማንም አልተረታም።»

«በቅሎውስ?»

«ካልተረቱ ምን ያስከፍላቸዋል?»

«ተስማምተናል!» አሉ ሁለቱ አጎቶች እኩል። በአንድ ነገር ሲስማሙ ያየ ሰው ስላልነበረ ሰው ሁሉ እርስ በርሱ ተያየ። ከዳኛው ጎን የተቀመጡት ሽማግሌዎችም «እርቅ ከወረደማ ምን ቀረን!» እያሉ ራሳቸውን ነቀነቁ። ዳኛው ወደ አሮጊቷ በቅሏቸው አንድ ጊዜ አይተው ተነፈሱና ቋጠሮው እንዲፈታ አዘዙ።

«አንድ ነገር ቀረ» አሉ። «የቤቱ ቁልፍ በማን እጅ ይሁን?»

ሁለት መዳፎች ፊቷ ተዘረጉ። መሰለች መዳፎቹን አየች፣ ቀጥላም በእጇ የጨበጠችውን ቁልፍ። ከዚያ መቀነቷን ላላ አድርጋ ቁልፉን ሸጎጠችበትና መልሳ አጠበቀችው።

«ስትመጡ አንኳኩ» አለቻቸውና ወደ ጣቢያው የሚወስደውን መንገድ ያዘች።