የተረፉት ግማሾች

«እውነቱን ንገሪኝ፤ ክኒኑን ትውጫለሽ ወይስ አትውጪም?» አለች ሐኪሟ፣ የደም ምርመራውን ወረቀት በእስክሪብቶዋ ጫፍ እየነካካች።

«እውጣለሁ» አለች ልጅቷ። ድምፅዋ ጎርናና ነው፤ ከታመመች ወዲህ ጠዋት ላይ የሚወጣት የሽማግሌ ድምፅ ነው።

«በየቀኑ?»

«እኔ ነኝ በእጄ የምሰጣት፣ ዶክተር» አለች እናቷ ከጎን። «ገና ከአልጋዋ ሳትወርድ፣ በባዶ ሆዷ። አንድ ቀን አስታጉዬባት ከሆነ ዓይኔን ግንባር ያድርገው።»

ሐኪሟ ወደ ወረቀቱ ተመለሰች። የልጅቷ አንገት ውስጥ ያለው ታይሮይድ የሚባለው ዕጢ በሚገባው መጠን እየሠራ አይደለም፤ ክኒኑ የታዘዘው ያንን ጉድለት እንዲሞላ ነው። በሃምሳ ማይክሮግራም ተጀመረ፣ ሰባ አምስት ሆነ፣ መቶ ሆነ። ደሟ ግን ከመጀመሪያው ቀን እምብዛም ፈቀቅ አላለም።

«መቶ አልበቃሽም ማለት ይከብደኛል» አለች ሐኪሟ። «ብዙ ጊዜ እንዲህ የሚሆነው ልጆች እየደበቁ ሲተፉት ነው። እሺ፤ መቶ ሃያ አምስት አደርገዋለሁ። ከስድስት ሳምንት በኋላ ደም ትሰጪና እናያለን። ከዚያ በፊት ብንለካ ትክክለኛውን አይነግረንም።»

ልጅቷ እናቷ የሆነ ነገር እንድትል ጠበቀች። «ልጄ አትዋሽም» ብትልላት ይበቃት ነበር። እናቷ የቦርሳዋን ዚፕ ከፈተች፣ ዘጋች፣ ደግማ ከፈተች።

በትምህርት ቤት ስሟ ኤሊ ነው። ያወጣላት ከኋላዋ የሚቀመጥ አንድ ምላሰኛ ነው፤ የክፉ ስም ነገር ሆኖ በሁለት ቀን ውስጥ ክፍሉ ሁሉ ለመደው። ደግሞም እውነት ነው፣ ኤሊ ሆናለች። ደረጃ ስትወጣ መሃል ላይ ታርፋለች። ሌላው ሹራቡን አውልቆ ወገቡ ላይ በሚያስርበት ሙቀት እሷ ትደርባለች። ማበጠሪያዋ ላይ የሚቀረውን ፀጉር ጠቅልላ ኪሷ ውስጥ ትደብቃለች። ባለፈው ዓመት ከክፍሏ አምስተኛ የወጣች ልጅ ዘንድሮ በግማሽ ዓመቱ አርባኛ ወጣች። የሒሳብ መምህሩ ወረቀቷን ሲመልስላት «ለስንፍና መድኃኒት አልተገኘለትም» ብሎ ክፍሉን አሳቀ። ለእሷስ ተገኝቶላት ነበር፤ አልሠራ አለ እንጂ።

የማጠቃለያ ፈተናው አምስት ሳምንት ቀርቶታል። ካለፈች ከጓደኞቿ ጋር ወደሚቀጥለው ክፍል ትሄዳለች፤ ከወደቀች ያንኑ ወንበር ትደግማለች። መቶ ሃያ አምስቱን የመጨረሻ ዕድሏ አድርጋ ቆጠረችው።

እናቷ ልብስ ሰፊ ናት። የቤቱ የፊት ክፍል የሥራ ቦታዋ ነው፤ የስፌት መኪናው መስኮቱ ሥር፣ ሜትሩ አንገቷ ላይ፣ የሰው ልብስ በየግድግዳው። አንዲት ብጣሽ ጨርቅ አትጥልም። መቀስ ስታነሳ እጇ ይረጋጋል፤ ልጅቷንም ከትንሽነቷ ጀምሮ «ጥቂት ጥቂት ቁረጪ፤ የቀረውን ነገም ትቆርጪዋለሽ፣ የተቆረጠውን ግን አትመልሺውም» እያለች ነው ያሳደገቻት። በዚህ አባባል የማንንም ጨርቅ ሳታበላሽ ሃያ ዓመት ሠርታለች።

ክኒኑንም የምትሰጣት በራሷ መንገድ ነው። በመጀመሪያው ሳምንት ልጅቷ ጉሮሮዋ ላይ እየቀረባት ስላስመለሳት፣ ከዚያ ወዲህ ማንኪያ ላይ ፈጭታ በውሃ በጥብጣ ታመጣላታለች። ልጅቷ ዓይኗን ሳትገልጥ አፏን ትከፍታለች። ክኒኑን በዓይኗ ካየችው ወራት አልፈዋል።

ከሐኪሟ ዘንድ በተመለሱ በሳምንቱ፣ ቅዳሜ ከሰዓት፣ እናቷ ለደንበኛ ልብስ ልታደርስ ወጣች። የዩኒፎርሟ የአንገት ቁልፍ ተበጥሶ ነበርና ልጅቷ ቁልፍ የሚጠራቀምበትን የብስኩት ቆርቆሮ አውርዳ ጠረጴዛው ላይ ገለበጠችው። ከቁልፎቹ መሃል አንዲት ትንሽ ብልቃጥ ተንከባላ ወጣች። ውስጧ ክኒን ሞልቷል። ነጭ አለ፣ ሐምራዊ አለ፣ ቢጫ አለ፣ ጥቂት ቡናማም አለ፤ ሁሉም ግማሽ ነው።

አንዷን መዳፏ ላይ አድርጋ አየቻት። በክር መቁረጫው ምላጭ ቀጥ ተደርጋ የተከፈለች ናት፤ የእናቷን እጅ የትም ብታየው ታውቀዋለች። ሐኪሟ ሃምሳ ስትል ሃያ አምስት፣ መቶ ስትል ሃምሳ ነበር የምትወስደው ማለት ነው። ሒሳቡ ቀላል ነው፤ ኤሊም ትሠራዋለች።

ምክንያቱንም ለማወቅ አልተቸገረችም። ጥግ ላይ፣ በአንሶላ ተሸፍኖ፣ ማንም ያልወሰደው አንድ ሰማያዊ ቀሚስ ተሰቅሏል። ባለቤቲቱ ለዚሁ ዕጢ ክኒን የምትወስድ ሴት ነበረች። ለልኬት በመጣች ቁጥር ቀሚሱ ይሰፋታል፤ የሴትዮዋ እጅ ሲንቀጠቀጥ የልጅቷ እናት መርፌውን ታርቅላት ነበር። ከሦስተኛው ልኬት በኋላ አልተመለሰችም። መድኃኒቱ በዝቶባት በልቧ ሞተች አሉ። እናቷ ያንን ቀሚስ አልፈታችውም፣ አልሸጠችውም፤ ስለ እሱም አታወራም።

ልጅቷ ይህን ሁሉ አውቃ እንኳ ደሟ ፈላ። የክፍሉ ሳቅ ትዝ አላት። አርባኛ የሚለው ቁጥር ትዝ አላት። ከሁሉ በላይ ግን ያ ዚፕ፣ ሲከፈትና ሲዘጋ፣ ሐኪሟ ውሸታም ስታደርጋት።

እናቷ ስትመለስ ቁልፎቹ ቆርቆሯቸው ውስጥ ገብተው ነበር። ብልቃጧም።

«ምን ሆነሻል? ፊትሽ ልክ አይደለም።»

«ምንም።»

ሆድ ይፍጀው አለች። በማግስቱ ጠዋት ማንኪያዋን ጠጥታ፣ እናቷ ምድጃ ልትለኩስ ወደ ጓዳ ስትገባ፣ ከብልቃጧ አንድ ግማሽ አውጥታ ዋጠች። ጉሮሮዋ አልተቃወመም። በሦስተኛው ቀን ሁለት ዋጠች፤ አምስት ወር ሙሉ የተወሰደባትን እያስመለሰች እንጂ እየሰረቀች አልመሰላትም። አንዳንድ ቀን ሦስት። ነጩ ስንት እንደሆነ፣ ቢጫው ስንት እንደሆነ አልለየችም። ከዚያ ጠዋት ጀምሮ የምትወስደውን መጠን ሐኪሟም አታውቅ፣ እናቷም አታውቅ፣ እሷም አታውቅ።

መጀመሪያ ላይ ደስ ይል ነበር። በሁለተኛው ሳምንት ደረጃውን ሳታርፍ ወጣች። ምላሰኛው «ኤሊ ነዳጅ ሞላች እንዴ?» ሲላት እሷም አብራ ሳቀች። እናቷ ዩኒፎርሙን ወገቡ ላይ ስታጠብበው፣ ሜትሩን ጨብጣ «አየሽ፣ ቀስ እያለ ይሠራል ብዬሽ ነበር» አለች።

በሦስተኛው ሳምንት እንቅልፍ ጠፋ። በአራተኛው ልቧ ተቀምጣም መሮጥ ጀመረ።

የሒሳብ ፈተናው ቀን ክፍሉ ውስጥ የሚያልባት እሷን ብቻ ነበር። የመጀመሪያዎቹን ስምንት ጥያቄዎች ማንም ባልደረሰበት ፍጥነት ሠራች። ዘጠነኛው ላይ ልቧ ደረቷን ይደልቅ ጀመር፤ የስፌት መኪናው ፔዳል ሲረገጥ የሚሰማው ዓይነት፣ ማቆሚያ የሌለው። ቁጥሩን ጻፈች፣ ራሷ ማንበብ አቃታት። በግራ እጇ ቀኝ እጇን ይዛ ሞከረች። የቀሩትን አሥራ ሁለት ጥያቄዎች ባዶ አስረከበች። መምህሩ ወረቀቷን ተቀብሎ ገለጥ ገለጥ አደረገና ራሱን ነቀነቀ።

ከሳምንት በኋላ ሐኪሟ ዘንድ ሲቀርቡ የደሙ ውጤት ጠረጴዛው ላይ ነበር።

«እጅሽን ዘርጊ» አለች ሐኪሟ። በተዘረጉት ጣቶች ላይ አንድ ቀጭን ወረቀት አስቀመጠች። ወረቀቱ ተርገፈገፈ።

እናቷ ወረቀቱን ስታይ ፊቷ አመድ መሰለ። ልጅቷ እናቷ ያንን ሰማያዊ ቀሚስ እያሰበች እንደሆነ አወቀች።

«አሁን ደግሞ እጅግ በዝቶብሻል» አለች ሐኪሟ። «ይኼ ለእኔ እንቆቅልሽ ነው፤ ከምንም ተነስተሽ ጣሪያ ነካሽ። ወደ ሰባ አምስት አወርደዋለሁ። እርስዎ እናት፣ በትክክል እየሰጧት ነው?»

«በእጄ ነው የምሰጣት፣ ዓይኔን…»

እናቷ መሐላውን አልጨረሰችውም። ልጅቷም አሰላች። የሐኪሟ ሰባ አምስት እናቷ ዘንድ ሲደርስ ሠላሳ ሰባት ተኩል ነው። ዝም ካለች ወደ እንቅልፉ፣ ወደ ሹራቡ፣ ወደ ኤሊነቷ ትመለሳለች። ከተናገረች እናቷ በሰው ፊት ትዋረዳለች፤ እሷም አብራ። ለአምስት ሳምንት ይህችን ቀን በልቧ ስትደግስ የእናቷን ውርደት ብቻ ነበር ያየችው። የራሷን አላየችውም ነበር።

ጠዋት ከቆርቆሮው ወስዳ የደበቀቻትን ብልቃጥ ከቦርሳዋ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠቻት።

ሐኪሟ ከፍታ መዳፏ ላይ ገለበጠች። ሁሉም ግማሾች ናቸው። «ማነው የከፈላቸው?»



«እኔ ነኝ» አለች እናቷ በመጨረሻ። «ፈርቼ ነው። አንድ ደንበኛዬን ይኼ መድኃኒት ሲጨርሳት አይቻለሁ። ጥቂት ልስጣት፣ ካልበቃት እጨምራለሁ አልኩ።»

«እኔ ደግሞ የተረፈውን እየሰረቅኩ ስወስድ ነበር» አለች ልጅቷ። «ስንት እንደወሰድኩ አላውቅም።»

እናቷ ዞራ አየቻት። ሐኪሟ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች።

«ስለዚህ እኔ የጻፍኳቸው ቁጥሮች ሁሉ ከንቱ ናቸው» አለች። «እናት፣ ያቺ ሴት የተጎዳችው መጠኑ ልኳ ስላልነበረ ነው። ማነስም ልክ አይደለም፣ መብዛትም ልክ አይደለም። እኔ የምለካው በደሟ ነው፤ ደሟ ግን እውነት የሚነግረኝ እናንተ እውነት ስትነግሩኝ ነው። አሁን ለጥቂት ቀን ታቆማለች፤ ቀን እነግራችኋለሁ። ከዚያ ሰባ አምስት፣ ሙሉውን፣ በውሃ ብቻ፣ ከቁርስ አንድ ሰዓት በፊት። በስድስት ሳምንት እንደገና እንለካለን። ከአንድ እንጀምራለን ማለት ነው።»

ሐኪሟ «ልጆች እየደበቁ ሲተፉት ነው» ብላ ስለጠረጠረቻት ይቅርታ አልጠየቀችም። ልጅቷ እስከ በሩ ድረስ ጠብቃ ነበር።

ወደ ቤት ሲመለሱ እናቷ መንገድ ላይ ቆመች።

«ለምን ያኔ አልነገርሽኝም? ልትሞቺብኝ ነበር እኮ።»

«አንቺስ ለምን አልነገርሽኝም?» አለች ልጅቷ። «ሐኪሟ ስትጠረጥረኝ እያወቅሽ ዝም አልሽ፣ እማ። ፍራትሽ ይገባኛል። ዝምታሽ ግን አይገባኝም።»

እናቷ የቦርሳዋን ዚፕ ያዘች፤ ከዚያ ለቀቀችው። «አፍሬ ነው» አለች።

ውጤት ሲለጠፍ ልጅቷ ወድቃለች። ዓመቱን ትደግማለች። ምላሰኛው የሚያልፍ ስለሆነ ኤሊ የሚለው ስም ምናልባት አብሮት ያልፍ ይሆናል፤ በዚያ ለመጽናናት ሞክራ አልተጽናናችም።

ሐኪሟ የሰጠቻት ቀን ሲደርስ፣ ጠዋት ማንም ሳይቀሰቅሳት ነቃች። እናቷ ከወትሮው ቀደም ብላ መኪናው ፊት ተቀምጣለች፣ ግን አትሰፋም። ማንኪያዋ ጠረጴዛው ላይ የለችም። አዲሱ ማሸጊያ አለ፣ ሳይከፈት፤ አጠገቡ አንድ ብርጭቆ ውሃ።

«አልነካሁትም» አለች እናቷ፣ ዓይኗን ከጨርቁ ሳታነሳ። «ወደ መኝታሽ ይዘሽው ሂጂ። እኔ አላይም።»

ልጅቷ ማሸጊያውን አንስታ ወደ ክፍሏ አቀናች፤ በሩ ላይ ስትደርስ ቆመች። ይዛው ብትገባ እናቷ ቀኑን ሙሉ የተዋጠውን ስትቆጥር ትውላለች። እዚያው ትታው ብትሄድ እሷ ራሷ ምላጩን ስታስብ ትውላለች። ቂሟ አልወጣላትም፣ ቶሎም የሚወጣ አልመሰላትም። ግን ሌላ ስድስት ሳምንት በመጠራጠር መለካት አልፈለገችም።

ተመልሳ በርጩማ ስባ ከመኪናው ማዶ ተቀመጠች። አንድ ክኒን ፈልቅቃ መዳፏ ላይ አድርጋ እጇን እናቷ ፊት ዘረጋች።

«እዪው፣ እማ» አለች። «ሙሉ ነው።»

እናቷ ቀና ብላ አየች። ልጅቷ ክኒኑን ዋጠች፣ ውሃውን እስከ መጨረሻው ጠጣች፣ ባዶውን ብርጭቆ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች።

«ነገም እዚሁ ነው» አለች።