አንቱና አንተ

መምህር አለምነው በደብረ ታቦር ሰዋስው ያስተምራል። ከኩዌት ሥራ የተመለሰችውን ውቢትን ካገባ ዓመት ሞላው። የሚስቱ ዝምታ ከቀን ወደ ቀን እየበዛ፣ ወደ ኩዌት የመመለስ ነገርም ከአፏ የማይጠፋ ሲሆን፣ ለባልና ሚስት ማረፊያ ተብለው በጉና ተራራ ተዳፋት ከተሠሩት የሣር ጎጆዎች አንዱን ለሦስት ቀን ተከራየ። ሰው ፍቅሩን በገዛ ቤቱ ማጽናት ሲገባው ወደ ኪራይ ቤት ይዞት መሄዱ በእርሱ ዘንድ ከንቱ ልማድ ነበር፤ ሆኖም እርሷን ማጣት ከዚያ ይልቅ አስፈራው።

ከገሳይ ከተማ በበቅሎ ወጥተው ሲደርሱ የጎጆዎቹ ጠባቂ ባዩ በር ላይ ቆሞ ነበር። ውቢት ገና ሳትወርድ አወቀችው፤ የአንድ መንደር ልጆች ናቸው።

«አንተ ባዩ፣ ሞተህ መስሎኝ» አለችው።

«አንች ሳትቀብሪኝ እንዴት ተብሎ» አለና ከበቅሎዋ አወረዳት።

ከዚያ ወደ ባሏ ዞረች። «እርስዎ ይግቡ፣ ብርዱ እንዳይመታዎት።»

አለምነው ገባ። ያች አንዲት «አንተ» ግን አብራው ገባች።

ጎጆው መልካም ነበር፤ በመስኮቱ የገብሱ ማሳ ጉሙ እስከሚጀምርበት ድረስ ይታያል። እርሱ ግን ከጆሮው በቀር ሌላ የሚሠራ አካል አልነበረውም። ባዩ የተቀቀለ ድንች ባመጣ ቁጥር ውቢት ትስቃለች፤ በልጅነታቸው ድንች ሲለቅሙ ማን ማንን እንደ ደበደበ ይከራከራሉ። በማግስቱ እስከ ምሳ ድረስ «አንተ» የሚለውን ቃል ዐሥራ አንድ ጊዜ ሰማ፤ አንዱም የእርሱ አልነበረም። ለእርሱ የደረሰው «ይብሉ»፣ «ይረፉ»፣ «ደከመዎት?» ብቻ ነው። ዐሥራ ሁለት ዓመት ያስተማረው ሁለተኛ መደብ፣ ነጠላ፣ ተባዕታይ፣ ሰውን ምግብ ይከለክላል ብሎ አስቦ አያውቅም።

ቀናተኛ ሰው ሳይጠይቅ ይፈርዳል፤ አለምነውም ፈረደ። በሦስተኛው ቀን ጧት፣ ውቢት ከባዩ ጋር ቆማ አዲስ የተወለዱትን ግልገሎች ስታይ፣ ቦርሳውን አንጠልጥሎ ወጣና በቅሎ እንዲጫንለት አዘዘ። ባዩ የሁለቱን ፊት አየት አድርጎ፣ «እሽ መምህር» ብሎ ወደ ጋጣው ሄደ።

«የት ሊሄዱ ነው?» አለች ውቢት።

«ወደ ቤቴ። አንቺ ከምትወጂው ዘንድ ቆዪ።»

«ከማን?»

«አንተ ከምትይው።»

ውቢት ሳቅ ሊያመልጣት ደርሶ ነበር፤ ፊቱን ስታይ ግን ሳቋ ጠፋ።

«ባዩን እንዲያ የምለው ሌላ አጠራር ስለማላውቅለት ነው። እርስዎን ግን…» አለች። «ሳንጋባ፣ ከኩዌት ስንደዋወል፣ አንድ ቀን ሳላስበው ‹ናፈቅኸኝ› አልሁዎት። ምን እንዳሉኝ ያስታውሳሉ?»

አስታወሰ። «‹ናፈቁኝ› ነው የሚባለው» ብሎ አርሟት ነበር።

«ስልኩን ዘግቼ አለቀስሁ። ከዚያ ወዲህ እንዳልሳሳት ቃል እየመረጥሁ ነው የማወራዎት። እዚያም ከአሠሪዬ ከእመቤቲቱ ጋር እንዲሁ ነበርሁ። እዚህም እዚያም ሰው ቤት ከሆንሁ ብዬ ነው ልመለስ የምለው።»

 አለምነውን ይቅርታ ሊያስጠይቀው የሚገባው እፍረት ይልቁን አስኮበለለው፤ በቅሎውን ሳይጠብቅ በእርጥቡ ሣር ላይ ቁልቁል ነጎደ። ጉሙ መንገዱን ውጦት ነበር።

«አንተ ሰው፣ ገደል ነው፤ ተመለስ።»

ቆመ። ውቢት እየሮጠች ደርሳ ክንዱን ያዘች። የተናገረችው ትዝ ሲላት ደነገጠች።

«ይቅርታ፣ ይመለሱ ማለቴ…»

«አታርሚው» አላት።