ገጹን የያዘው እጅ

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ ስምንት ሰዓት ገደማ፣ መምህር ይርጋ ሳሪስ ወዳለው የሰንበሌጥ መጻሕፍት መደብር ይገባል፤ ሰባት ዓመት ሙሉ እንዲህ ነው። ደፉ ላይ ጫማውን ይጠርጋል፣ የታክሲ ረዳቶች ጩኸት ከበስተኋላው ቀስ በቀስ ይደበዝዛል፣ ከዚያ የሙጫና የአዲስ ወረቀት፣ ትንሽም የእርጥበት ሽታ ይቀበለዋል። ሻጯ እትዬ ዘርፌ መነጽራቸውን ወደ አፍንጫቸው ጫፍ አውርደው ያዩትና፣ ሳይጠይቃቸው፣ የሳምንቱን አዲስ መጽሐፍ ያቀብሉታል። «እየው እስቲ» ይሉታል። ካልወደደው ይመልሳል፤ የቤቱ ደንብ ነው። ከኋለኛው መደርደሪያ ጀርባ፣ መስኮቱ ሥር፣ ለዚሁ ተብሎ የተቀመጠ አንድ ወንበር አለ።

ይርጋ ግን እዚያ ወንበር ላይ ማንበብ ከተወ ሦስት ዓመት ሆኖታል። በግራ እጁ ስልኩን ይይዛል፣ በቀኙ ገጹን ይጫናል፣ መጽሐፉን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ፎቶ ያነሳዋል፤ ከዚያ ይመልስና «ብዙም አልጣመኝም እትዬ» ይላል። እሑድ ጠዋት ገጾቹን አሰናድቶ ስሙን ባልጻፈበት የቴሌግራም ቻናሉ ላይ ይለቃቸዋል፤ አርባ ሺህ ሰው በነጻ ያነባል። ሌባ አይደለሁም ብሎ ለራሱ ስንት ጊዜ ነግሮታል! ደሃ ተማሪ ያንብብ ብዬ ነው ይላል። ታዲያ ለደሃ ብሎ የሠራ ሰው፣ እትዬ ዘርፌን ባየ ቁጥር ለምን ላብ ያጠምቀዋል?

መጀመሪያ ከሰንበሌጥ አራት ቅርንጫፎች የመገናኛው ተዘጋ። ሰው መጽሐፍ መግዛት ትቷል፣ ሁሉም በስልኩ በነጻ ያገኛል ብለው የመደብሩ ባለቤት መማረራቸውን እትዬ ዘርፌ ነገሩት፤ ይርጋ ከንፈሩን መጠጠ። ከንፈር መምጠጡ ራሱ በኋላ አሳፈረው። በማግስቱ ገጾቹን ሲያሰናዳ፣ አርባ ሰባተኛው ገጽ ላይ፣ በግራ በኩል ከታች፣ አንድ አውራ ጣት አየ። የራሱ ነው ብሎ ሊያልፈው ነበር። ግን ግራ እጁ ስልኩን ይዞ ነበር፤ ቀኝ እጁ ደግሞ እዚያው ፎቶው ላይ፣ በቀኝ ጠርዝ፣ ይታያል። ጣቱ ያረጀ ነው፤ ጥፍሩ ተሰንጥቋል፤ ገጹ እንዳይታጠፍ በጥንቃቄ ይዞታል። ይርጋ ጠርዙን ቆርጦ ጣለውና ገጹን ለቀቀው፤ ስለ ነገሩም ላለማሰብ ወሰነ።

የፒያሳው ሲዘጋ እጆቹ ሁለት ሆኑ። ሁለተኛው የሴት ነው፤ ጥፍሩ ላይ ሊለቅ የደረሰ ሂና አለ። የአራት ኪሎው ሲዘጋ ቆርጦ መጣልም አልሆነለትም፤ ጣቶቹ ከጠርዙ አልፈው ጽሑፉ ላይ ደርሰዋል። ከቻናሉ ተከታዮች አንዱ «እነማን ናቸው የሚይዙልህ?» ብሎ ጻፈለት፤ መልእክቱን አጠፋው። ወንበሩ ላይ ሲቀመጥም ሌላ ነገር መስማት ጀምሮ ነበር፤ ከመደርደሪያው ወዲያ፣ ማንም በሌለበት፣ የገጽ መገለጥ ድምፅ፣ ምራቅ የነካው ጣት ወረቀት ላይ የሚያሰማው ያ ትንሽ ፍትግታ፣ ቀስ ብሎ፣ ከእሱ ጋር እኩል፣ እሱ ሲያቆም ግን አንድ ገጽ ቆይቶ የሚያቆም። ሽታውም ተለውጧል። በሙጫውና በወረቀቱ መሐል ብዙ ሰው የቆየበት ክፍል ሽታ፣ የረጠበ ካፖርትና የላብ ሽታ ገብቶበታል። ቀና ብሎ ያያል፤ ሰው የለም።

ከዚያ የሳሪሱ ተራ ደረሰ። ከሰንበሌጥ የቀረው እሱ ብቻ ነበር። እትዬ ዘርፌ በሚቀጥለው ቅዳሜ እንደሚዘጋ ለደንበኞቻቸው አንድ በአንድ ነገሩ፤ ከሁሉም የከበዳቸው ለጋሼ ወንድይራድ መንገር ነበር። ጋሼ ጡረታ የወጡ የባቡር ሠራተኛ ናቸው፤ ዓይናቸው ከደከመ ቆይቷል። ቅዳሜ ቅዳሜ በከዘራ እየመጡ ባንኮኒው ላይ ይደገፋሉ፣ እትዬ ዘርፌ የየመጽሐፉን የመጀመሪያ ገጽ ያነቡላቸዋል፣ ልባቸው የወደደውን ይገዙና ቤት ልጃቸው ትቀጥልላቸዋለች። ይርጋ ከመደርደሪያው ጀርባ ሆኖ ሰማቸው።

«እንግዲህ ማን ያስመርጠኛል?» አሉ ጋሼ።

ይርጋ በዚያ ሳምንት ምግብ አልበላ አለው። ክፍል ውስጥ ጠመኔ ይዞ ተማሪዎቹ ፊት ቆሞ የሚለው ይጠፋዋል። አፍሯል፤ ሌላ ስም የለውም፣ እፍረት ነው። ቅዳሜ እነግራቸዋለሁ አለ። እግራቸው ላይ ወድቄ እኔ ነኝ እላቸዋለሁ፣ ቻናሉንም ዓይናቸው እያየ አጠፋዋለሁ፤ ይስደቡኝ፣ ይርገሙኝ፣ ብቻ ከአፌ ይውጣ። በሩ ከተዘጋ በኋላማ የት ያገኛቸዋል? ቤታቸው የት እንደሆነ በሰባት ዓመት አንድም ቀን ጠይቋቸው አያውቅም።

ቅዳሜ ሲገባ መደርደሪያዎቹ ባዶ ነበሩ። ግድግዳው ላይ በመጽሐፍ ቁመት ልክ ፀሐይ ያልነካው ቀለም ቀርቷል፤ እርምጃው ሁሉ ያስተጋባል። እትዬ ዘርፌ ባንኮኒው ሥር ካለው ካርቶን አንድ መጽሐፍ አወጡ። ትናንት ከማተሚያ ቤት የመጣ ነው፣ ሰው ሲጠይቃቸው የለም እያሉ ለእሱ እንዳስቀመጡት ነገሩት። አፉን ከፈተ። ከዚያ ዓይኑ ሽፋኑ ላይ አረፈ፤ ይህን መጽሐፍ ገና ማንም አልለቀቀውም። መጀመሪያ ላንሳው፣ ከዚያ እነግራቸዋለሁ ሲል ወሰነ። አይ የሰው ነገር!

ወንበሩ ላይ ተቀመጠና ስልኩን አወጣ። መስኮቱ በጋዜጣ ተሸፍኖ ስለነበር የሚገባው ብርሃን ቢጫና ደካማ ነው፤ አየሩ ሰው የታጨቀበት ታክሲ ውስጥ እንደተቀመጡ ያህል ይከብዳል። በስክሪኑ ላይ ገጹ ዙሪያውን በእጆች ተይዟል፤ ያረጁ፣ እስክርቢቶ የነካቸው፣ አንዷም የሕፃን የምታህል፣ ከላይም ከታችም፣ ፊደሉ እስከማይታይ ድረስ። ስልኩን ዝቅ አድርጎ በዓይኑ አየ፤ መጽሐፉ ጭኑ ላይ ብቻውን ነው። መልሶ በስልኩ አየ። የራሱን ቀኝ እጅ ፈለገ። ወረቀቱ ከመዳፉ ሥር ይሰማዋል፤ ከእነዚያ ሁሉ እጆች መካከል ግን የእሱ የለም።

ሊነሳ ሞከረ። ትከሻው ላይ፣ ጉልበቱ ላይ፣ አንገቱ ሥር ለስለስ ያለ ክብደት አረፈበት፤ አያምም፣ አይጨክንም፣ ብቻ አይለቅም። ስልኩ ወለሉ ላይ ወደቀ፤ ሲወድቅ ድምፅ አላሰማም። በባንኮኒው በኩል የቁልፍ ቅጭልጭልታ፣ ሊሰናበቱ የመጡት የጋሼ ወንድይራድም ከዘራ ወለሉን ሲመታ ተሰማው። ያን ጊዜ ሦስት ዓመት የቋጠረውን ባለ በሌለ ድምፁ ተናገረው፤ እኔ ነኝ እትዬ፣ ቤቱን ያስዘጋሁት እኔ ነኝ፣ ይቅር ይበሉኝ አለ። በገዛ ጆሮው የሰማው ግን አንድ ገጽ ሲገለጥ ብቻ ነበር።

ከዘራው ቆመ። «ከኋላ ሰው አለ መሰለኝ» አሉ ጋሼ። «የሚያለቅስ።»

እትዬ ዘርፌ እስከ መደርደሪያው ጫፍ መጡ፣ ከይርጋ ጋር ዓይን ለዓይን ተገጣጠሙ፣ ወለሉ ላይ የመጽሐፉን ገጽ እንዳበራ የወደቀውን ስልኩንም አዩ፤ ከዚያ ፊታቸውን ከይርጋ ሳያዞሩ «ማንም የለም ጋሼ፤ ወንበሩ ነው» አሉና መብራቱን አጠፉት።