የአምሐ ግራ እግር

አምሐ ሻዩን ሳያጋምስ ነበር ሐይቁ ዳር ካለው ከሙሀመድሰዒድ ሻይ ቤት ደጃፍ ላይ የተደፋው። የሃያ ሁለት ዓመት ጎረምሳ፣ ዓሣ አጥማጅ፣ ጉንፋን እንኳ አንገላቶት የማያውቅ። ደረቱን ጨብጦ «ትንፋሽ አጠረኝ» አለ፤ በቃ። ባሕር ዳር ደግሞ ወሬ አይነጥፍባትም፤ ሬሳው ሆስፒታል ሳይደርስ ሻዩን የቀዳችለት የባለቤቱ ልጅ ዘይነት «መርዛዋለች» ተብላ ታሰረች።

ጊዜው ጥር ፲፱፻፸፱ ዓ.ም. ነው፤ ለብሔራዊ ውትድርና ወጣት ሲታፈስ የከረመበት ወር።

ምርመራው የተሰጠው ለሃምሳ አለቃ መርስዔ ኀዘን ነበር። ብዙ አይናገርም፤ ሰው ሲዋሽ ግን ጥርሱን እንዳመመው ሰው ፊቱን ያጨማድዳል። መጀመሪያ ሬሳውን አየ። ግራ እግሩ ከቀኙ ይልቅ ክፉኛ አብጧል። የሱሪው ግራ እግር ከጉልበት በታች ቅቤ ጠጥቷል። ፀጉሩ ሥር የጤፍ እብቅ ተሰግስጓል። መቅዘፊያ ያደደረው የመዳፉ ቆዳም ተላልጦ ለስልሷል።

«የመርዝ ምልክት አላገኘሁም» አለ ሐኪሙ። «ሳንባውን የዘጋው የረጋ ደም ነው፤ ከእግሩ ተነስቶ የሄደ። ግን ይህን የማየው ወር ሙሉ አልጋ ላይ በዋለ በሽተኛ ነው። ዓሣ አጥማጅ እንዴት እንዲህ ይሆናል? ምክንያቱን ሳላውቅ ምን ብዬ ልጻፍ? እንዲህ ያበጠ እግር ከታሸ ደግሞ የረጋው ደም ተነቅሎ ሊሄድ ይችላል።»

ሃምሳ አለቃ የመጨረሻዋን ነገር አልጻፋትም። ቅቤ የጠጣውን ሱሪ አየና ደብተሩን ዘጋ።

የቀበሌው ሊቀ መንበር ወልደ ገብርኤል ግን ነገሩ አልቆለታል። «ደም የሚያረጋው መርዝ አይደል እንዴ? ሊያገባት ፈለገ፣ አባቷ በሃይማኖት አይሆንም አለ፣ ተገላገሉት። ሰኞ ለበላይ አካል ትተላለፋለች።» የተላለፈ ሰው ቶሎ እንደማይመለስ ሃምሳ አለቃ ያውቃል።

ዘይነትን በእስር ቤቱ መስኮት አነጋገራት።

«ወላሂ፣ ሻይና ስኳር ብቻ ነው» አለች።

«ሲመጣ ያነክስ ነበር?»

«አዎ። ፊቱም ነጥቷል። አሞሃል ወይ ስለው ሳቀ። ‹ፀሐይ ናፍቆኝ ነው› አለኝ።»

ከዚያ ለቅሶ ቤት ሄደ። የአምሐ እናት ወይዘሮ ወለተ ኪዳን ዓይናቸው በእንባ ደፍርሷል። «ወር ሙሉ ደቅ ደሴት ሲያጠምድ ከርሞ ቅዳሜ ነው የመጣ» አሉት።

ሃምሳ አለቃ ፊቱን አጨማደደ። ጥግ ላይ ትልቅ የጭቃ ጎታ ቆሟል፤ ሙሉ እንዲመስል አፉ ላይ ጤፍ የያዘ ሰፌድ ተቀምጦበታል። ጎኑን በጣቱ ቢያንኳኳው ባዶ ነው። የእናትየው ዓይን ጣቱን ተከተለ።

ሰኞ ጠዋት ሁሉንም ሻይ ቤቱ ሰበሰባቸው፤ ዘይነትም በጠባቂ መጣች።

«አምሐ ደቅ አልሄደም» ብሎ ጀመረ። «ወር ሙሉ የቀዘፈ መዳፍ አይለሰልስም። ሐይቅ ላይ የዋለ ሰው ፀሐይ ናፈቀኝ ካለማ የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው ማለት ነው። ፀጉሩ ውስጥ እብቅ ነበረ፤ እብቅ ያለው ጎታ ውስጥ ነው። እዚያ ሰው ጉልበቱን አጥፎ ይቀመጣል እንጂ አይንቀሳቀስም። ያልተንቀሳቀሰ እግር ውስጥ ደም ይረጋል። ምልምሎቹን የጫኑት መኪኖች አርብ ሄዱ፤ አምሐ ቅዳሜ ወጣ። ሲራመድ የረጋው ደም ወደ ሳንባው ሄደ። ሻዩ ምንም አላደረገው።»

«ጎታ ውስጥ ሲቀመጥ ያየው ማን ነው?» አለ ሊቀ መንበሩ።

ወይዘሮ ወለተ ኪዳን ቢናገሩ እስራት ይጠብቃቸዋል፤ ዝም ካሉ ልጅቷ መሄዷ ነው። ዘይነትን አዩዋት።

«እኔ ነኝ የደበቅሁት» አሉ ተነስተው። «ታላቁን ሰጥቻችሁ አልተመለሰም። ለዚህ ሳሳሁ። የሰው ልጅ ግን በልጄ ሬሳ አላሳስርም።»

«ሰማችሁ! ከግዳጅ ያሸሸች!» ብሎ ሊቀ መንበሩ ብድግ አለ።

ሃምሳ አለቃ ከኪሱ የታጠፈ ወረቀት አወጣ። «ጓድ ሊቀ መንበር፣ ከሁለት ሳምንት በፊት ‹ቤቱን በሙሉ ፈትሼ የለም› ብለህ የፈረምህ አንተ ነህ። ሰፌዱን ማንሳት ነበረብህ። ጎታው ሪፖርቱ ውስጥ ከገባ ፊርማህም ይገባል።»

ሊቀ መንበሩ ቀስ ብሎ ተቀመጠ። «ታዲያ ምን ተብሎ ይጻፍ?»

«እግሩን ታሞ ቤት ዋለ፣ የረጋ ደም ገደለው።»

ዘይነት እዚያው ተፈታች። ሮጣ ሄዳ የወይዘሮ ወለተ ኪዳንን ጉልበት ሳመች፤ ሙሀመድሰዒድም ፊቱን በጋቢው ሸፍኖ አለቀሰ።

ሰው ሲበተን እናትየው የሃምሳ አለቃን እጅጌ ያዙ።

«ልጄ፣ አንዲት ነገር ንገረኝ። ቅዳሜ ከጎታው እንደ ወጣ እግሬን አለኝ። በለጋ ቅቤ አጥብቄ አሸሁለት። ‹ተሻለኝ እማዬ› ብሎኝ ነው የወጣ። ክፉ አደረግሁ?»

ሃምሳ አለቃ ዕድሜውን ሙሉ ውሸት ሲያጋልጥ የኖረ ሰው ነው። አሁን ግን ፊቱን አላጨማደደም።

«ኧረ በጭራሽ፣ እማማ» አላቸው። «እርስዎ ባያሹለት ኖሮ ፀሐይዋንም ሳያያት ይቀር ነበር።»