ከበሩ ሥር ያለ ክፍተት

መርማሪዋ ስትደርስ አስከሬኑ ገና አልተነሣም ነበር። ሰውየው በሙከራ ክፍሉ ሲሚንቶ ላይ በሆዱ ተኝቷል፤ ጉንጩ ወለሉን ነክቷል፤ አንድ እጁ ወደ በሩ ተዘርግቶ ሊደርስ ትንሽ ሲቀረው ቀርቷል። ከኋላው ሲሠራው የነበረ የኮምፒውተር ኬዝ ወለሉ ላይ ቆሟል፤ አጠገቡ ውሃ ያለበት ባልዲ አለ። ግድግዳው ላይ፣ ከወለሉ አንድ ስንዝር ከፍ ብሎ የተገጠመ ትልቅ ፋን ምንም እንዳልተፈጠረ ሁሉ ይሽከረከራል።

«ይህን ፋን የነካ ሰው አለ?» ስትል ጠየቀች።

ማንም አልነካውም። ሟቹ ራሱ እንዳበራው ነው ያለው።

ሐኪሙ ጓንቱን እያወለቀ ቁስልም፣ የመታነቅ ምልክትም፣ መርዝም እንዳላገኘ ነገራት። «አየር ነው ያጠረው» አለ። «ፋን እየሠራ እንዴት እንዳጠረው ግን እኔን አትጠይቂኝ።»

ቤቱ ባለ አንድ ፎቅ ነው። ከላይ ቤተሰቡ ይኖራል፤ ከታች ወርክሾፑ ነው። ሟቹና ታናሽ ወንድሙ እዚህ በትእዛዝ የኮምፒውተር ኬዝ ይሠሩ ነበር፤ ታላቅየው ይነድፋል፣ ታናሽየው ይገጣጥማል፣ አንድ ሠራተኛ ደግሞ ላሜራውን ይቆርጣል። ታላቅየው ከእንቅልፉ ሲነቃም ወደ አልጋው ሲሄድም ስለ አየር ስለሚያወራ የሚያውቁት ሁሉ «ንፋሱ» ይሉታል። ቀዝቃዛ አየር ከፊት በታች ይግባ፣ የሞቀው ከኋላ በላይ ይውጣ፣ ሽቦው መንገድ ላይ አይቁም፤ ይህ ሃይማኖቱ ነበር። «መግቢያ የሌለው አየር መውጫ የለውም» ይላል፣ የሚሰማው ሰው ባይኖርም።

አየር ስለማይታይ በጭስ ይፈትነው ነበር። ለዚህም ዓሣና አይስክሬም የሚያጓጉዙ ሰዎች የሚጠቀሙበትን ደረቅ በረዶ ይገዛል። ያ በረዶ ውሃ ውስጥ ሲገባ ነጭ ጉም ይሆናል፤ ጉሙም ወደ ኬዙ እየተሳበ አየሩ የት እንደሚያልፍና የት እንደሚታሰር ያሳያል። መጥፎነቱ ከጉሙ ጋር የሚወጣው ጋዝ ከአየር ይከብዳል፤ ወለል ላይ ይተኛል፣ የሚተነፈሰውንም አየር ይገፋል። ንፋሱ ይህን ከማንም በላይ ያውቃል። ፋኑን ወለሉ አጠገብ ያስገጠመው ጋዙን ወደ ጓሮ እንዲያወጣለት ነው።

ታዲያ ይህን ሁሉ አውቆ የተዘጋጀ ሰው ምን ገደለው?

የመርማሪዋ አለቃ መልሱን በስልክ ሰጥቷታል። ታናሽየውን እስከ ነገ ምሳ ሰዓት ድረስ አምጪው አላት። ሁለቱ ወንድማማቾች በዚያው ሳምንት ተጣልተው ነበር። አንድ ፊልም አቀናባሪ ኮምፒውተሩ በሙቀት እየጠፋ ስላስቸገረው ኬዝ አዝዞ፣ ታላቅየው ፊቱን እንደ ወንፊት ልብሳው ሲል ታናሽየው ደግሞ ፊቱ መስታወት ይሁን፣ ሰው የሚገዛው ውበት ነው ብሎ ተሟግቷል። በመጨረሻም ጎረቤት እስኪሰማ «ከነንፋስህ ታፍነህ ቅር!» ብሎት ወጥቷል።

ታፍኖ ቀረ። እርግማን ከአፍ ከወጣ በኋላ የሚመለስ አይደለም።

መጀመሪያ ያነጋገረችው የሟቹን ሚስት ነው። ፋርማሲ ውስጥ ትሠራለች፤ ቀኑን ሙሉ እዚያ መዋሏን ባልደረቦቿ ያውቃሉ። አላለቀሰችም፤ እንባዋን ለኋላ ያስቀመጠችው ትመስላለች።

«እሱ ነው» አለች። «ሌላ ማን አለ? ሲረግመው ሁላችንም ሰምተናል።»

«የሚራገም ሁሉ አይገድልም።»

«የሚገድል ግን አስከሬን ጥሎ ወደ ጓሮ ይሮጣል። ላሜራ ቆራጩን ጠይቂው።»

ላሜራ ቆራጩ ወፍራም፣ ቀልደኛ ሰው ነው፤ ያን ቀን ግን ቀልዱ ከአፉ እየወጣ መሃል ላይ ይሞትበት ነበር። መናገሩን አልወደደውም፤ ሆኖም አየሁ አለ። ታናሽየው በሩን ከፍቶ ወንድሙን ካገኘ በኋላ፣ ከመጮሁ በፊት፣ አንድ ነገር በብብቱ ሸጉጦ ጓሮ ወዳለው ዕቃ ግምጃ ቤት ሮጧል። ተመልሶ ነው «ድረሱልኝ» ያለው።

መርማሪዋ ስለ ክፍሉ ጠየቀችው። መስኮቱ ለምን በላሜራ ተደፈነ?

«የእናቱ፣ የእማማ ነገር ነዋ» አለ። «እሱ ይከፍታል፣ እሳቸው ‹ብርድ ይመታሃል› እያሉ ከኋላው ይዘጋሉ። ተከፈተ፣ ተዘጋ፣ ተከፈተ፣ ተዘጋ። አንድ ቀን ‹በቃ፣ ድፈነው፤ ፋን ግጠምልኝ፤ በሩንም ከሥሩ ሦስት ጣት ያህል ቁረጠው፤ አየሩ በዚያ ይግባ፤ እንግዲህ እማዬ የሌለ በር ምን አድርጋ ትዘጋዋለች› አለኝ። ሳቅን።» እንደገና ሊስቅ አፉን ከፈተ፤ የወጣው ግን ሳቅ አልነበረም።

ታናሽየው የተቀመጠው ዕቃ ግምጃ ቤቱ ደጃፍ ላይ ነው። ጥያቄውን ሳትጨርስ ይመልሳል፤ ሲመልስም አያያትም። ወንድሙን ለራት ሊጠራው እንደ ሄደ፣ በሩን ሲስብ እንቢ እንዳለው ነገራት።

«እንቢ አለኝ ስትል?»

«ሰው ከውስጥ የያዘው ነው የመሰለኝ። እግሬን ግድግዳው ላይ ተክዬ ነው የከፈትኩት።»

«ቁልፍ አለው?»

«የለውም።»

«በብብትህ ይዘህ የሮጥከውስ?»

ፊቱን ከግምጃ ቤቱ በር አዞረ። ከዚያ በኋላ ቢለምኑትም ቢያስፈራሩትም አንድ ቃል አልተነፈሰም።

መርማሪዋ ወደ ሙከራ ክፍሉ ተመለሰች። ፋኑ እየሠራ በሩን ዘጋችውና በአንድ ጣቷ ሳበችው። ያለ ምንም ችግር ተከፈተላት። ከዚያ ተንበርክካ የበሩን የታች ጠርዝ ዳበሰች። ላሜራ ቆራጩ በማሽን ቆርጦ ስላላለሰለሰው ይሻክራል፤ በሻካራው ላይ ግራጫ የሱፍ ክር ተይዞ ቀርቷል።

ወደ ፎቅ የወጣችው ከዚህ በኋላ ነው። እናትየው አልጋቸው ጫፍ ላይ ተቀምጠዋል። ሁለት ልጅ ነበራቸው፤ አንዱ ታች ተጋድሟል፤ ሌላውን ሊወስዱባቸው መሆኑን ከማንም ሳይሰሙ አውቀውታል። ዕድሜያቸውን ሙሉ ክፉ ነገር እየመጣ መሆኑን ሲናገሩ ኖረዋል፤ ልጆቹ ሲስቁባቸው። አሁን መጣ፤ ትክክል መሆናቸው ግን ምንም አልጠቀማቸውም።

«ከዚያ ራቂ ልጄ፣ ከበስተጀርባሽ መስኮት አለ» አሏት ገና ስትቀመጥ። መስኮቱ ዝግ ነው። ስንጥቁ በታጠፈ ወረቀት ተወትፏል፤ በረንዳው በር ሥርም ሁለቱ ጫፎቹ ወደ ውስጥ ታጥፈው የተጠቀለለ ፎጣ አለ።

«ልጄን ትወስጂብኛለሽ?»

«ገና አላወቅሁም እማማ።»

«እሱ አልገደለም። እኔ ወልጄዋለሁ። ዶሮ ሲታረድ ፊቱን የሚያዞር ልጅ ነው።»

በዚያ ቀን ከሰዓት በኋላ ምን እንዳደረጉ ጠየቀቻቸው። ዝናብ ነበር፣ ብርዱም አጥንት ይገባል አሉ። ትልቁ ልጃቸው ሲያስል ከላይ ሰምተው ወርደዋል። በሩ ዝግ ነው። ቢጠሩት ውስጥ የሚሽከረከረው ማሽን ስለሚጮኽ አልሰማቸውም። ተመልሰው ወጡ። ይህን ሲናገሩ ምንም አልደበቁም፤ የሚደበቅ ነገር ያለ አልመሰላቸውም።

መርማሪዋ የበረንዳውን በር አየች። እሷም እናት ናት። ልትጠይቅ ያሰበችውን ቀጣይ ጥያቄ ዋጠችው።

በማግስቱ ጠዋት አራቱንም ሙከራ ክፍሉ ፊት ያለው ኮሪደር ላይ ሰበሰበቻቸው። ለእናትየው ወንበር መጣላቸው። ከግቢው ውጭ የፖሊስ መኪና ቆሟል፤ ድምፁን ሁሉም ሰምተዋል። እናትየው የታናሹን ልጃቸውን እጅጌ ጨብጠው ያዙ።

መርማሪዋ ከኋላዋ ከነበረው ፖሊስ ግራጫ ሹራብ ተቀበለች። ታናሽየው ዓይኑን ጨፈነ።

«ይህን ያገኘሁት ዕቃ ግምጃ ቤቱ ውስጥ፣ ባዶ ኬዝ ሆድ ውስጥ ነው» አለች። «ሌሎቹ ኬዞች ብሎናቸው የተሟላ ነው፤ ይህ የተዘጋው በአንድ ብሎን ብቻ፣ እሱም እየተጣደፈ በገባ ብሎን ነው።»

«ሹራቡ የማን ነው?» አለች ሚስትየዋ።

«የኔ» አለ ታናሽየው። «አሮጌ ነው።»

መርማሪዋ ፋኑን አስነሣችና በሩን ዘጋች። ከኪሷ ቀጭን ሶፍት አውጥታ ከበሩ ሥር ወዳለው ክፍተት አስጠጋችው። ሶፍቱ ወደ ውስጥ ተሳበ።

«አየሩ እዚህ ይገባል፣ በፋኑ ይወጣል። ጋዙንም ይዞት ይሄዳል። ሟቹ ለኬዙ ያሰበውን ለራሱም አስቦ ነበር።» ከዚያ ሹራቡን ጠቀለለችና ክፍተቱን በርዝመቱ ወተፈችው። «አሁን ክፈተው» አለችው ላሜራ ቆራጩን።

ሳበ። በሩ እንቢ አለ። በሁለት እጁ ሳበ፤ ፊቱ ቀላ።

«ከውስጥ ማንም የለም» አለች መርማሪዋ። «ፋኑ ያለውን አየር ይስባል፤ የሚተካው ግን አይገባም። በሩ ወደ ውስጥ ይጠባል፤ ጋዙም መሄጃ አጥቶ ወለሉ ላይ ይጠራቀማል። ደንበኛው ኬዙን ከጠረጴዛ ሥር ስለሚያስቀምጠው ሟቹም ጉሙን ወለሉ ላይ ተኝቶ ነበር የሚያየው። ራሱን ሲያዞረው ወደ በሩ ተሳበ። በዚያ ድካም ግን ይህን በር ሊገፋው አይችልም።»

ሚስትየዋ አፏን በእጇ ያዘች። «እኮ፣ አፈነው። ሹራቡም የሱ ነው።»

«አዎ» አለ ታናሽየው፣ ድምፁ ሳይንቀጠቀጥ። «እኔ ነኝ። እኔ ነኝ የወተፍኩት። ውሰጂኝና ይለቅ።»

እናትየው እጅጌውን አልለቀቁም። «ይዋሻል» አሉ። «ይህ ልጅ ሲዋሽ አውቃለሁ።»

«እኔም አውቄያለሁ» አለች መርማሪዋ። ኮሪደሩ ግድግዳ ላይ፣ ከበሩ አጠገብ ያለውን ማጥፊያ አሳየችው። «ይህ ምንድን ነው?»

«የፋኑ ማጥፊያ።»

«ወንድምህን ልታፍነው ከመጣህ ለምን አላጠፋኸውም? አንድ ጣት ብቻ ነው የሚፈልገው። ተመልሰህ ብታበራው ደግሞ ማንም ባላወቀ ነበር። አንተ ይህን ሥራ ትሠራለህ፤ ፋኑ ምን እንደሚያደርግ ታውቃለህ። ላሜራ ቆራጩም ራሱ ነው የገጠመው። ከእናንተ አንዳችሁ ገዳይ ቢሆን ሹራብ አያስፈልገውም ነበር። በሩ እንቢ እንዳለህም ራስህ ባልነገርከኝ።»

ታናሽየው ዓይኑን ከማጥፊያው ላይ አነሣ።

«ክፍተቱን የዘጋው ሰው ማጥፊያውን ጎኑ እያየ አልነካውም። ፋኑ ለምን እንደሚሠራ፣ ክፍተቱም ለምን እንደተቆረጠ አያውቅም። ያን ሰው ያስጨነቀው ወደ ውስጥ የሚገባው ብርድ ብቻ ነው። አንተ በሩን ስትከፍት ሹራቡን አየኸው፤ አጠቃለሉንም አወቅኸው። ስለዚህ ደበቅኸው።»

እዚህ ላይ ቆመች። እስከዚህ ያለው ታናሽየውን ከመኪናው ለማዳን አይበቃም፤ ከዚህ በኋላ ያለው ደግሞ ሌላ ሰው ላይ የሚወድቅ ነው። ታናሽየው አያት፤ በዓይኑ ለመናት።

ላሜራ ቆራጩ ግን ገብቶታል። ወደ ግድግዳው ዞረ።

«ምነው አፋችሁን ዘጋችሁ?» አሉ እናትየው። «ልጄ አይደለም ካልሽ፣ የማንም እጅ ይሁን፣ ንገሪኝ። አልፈራም። ተናገሪና ልጄን ልቀቂልኝ።»

«እማዬ፣ ተይው» አለ ልጃቸው። «በናትሽ ተይው።»

እናትየው ወደ በሩ ሥር ተመለከቱ። ሹራቡ እንደተወተፈ ነው። ሁለቱም ጫፎቹ ወደ ውስጥ ታጥፈዋል፤ መርማሪዋ ፎቅ ላይ ያየችውን ፎጣ አስባ ነው እንደዚያ ያጠፈችው። እሳቸው ለረጅም ጊዜ አዩት። የልጃቸው እጅጌ ከእጃቸው ቀስ ብሎ ወጣ።

«ሲያስል ሰማሁት» አሉ። «ብርዱ ከሥር ሲገባበት እግሬን ነካኝ። እዚያ ሲሚንቶ ላይ ነው የሚተኛው… ሹራቡ እዚህ ልብስ ማስጫው ላይ ነበር።»

ወደ መርማሪዋ ዞሩ።

«ልጄ፣ እኔ ዘጋሁበት?»

«አላወቁም እማማ» አለች መርማሪዋ። ከፊታቸው ተንበረከከች። «እንዲሞቀው ብለው ነው።»

ሚስትየዋ ከትናንት ጀምሮ ያስቀመጠችው እንባ መጣ። ታናሽየውን የከሰሰችበትን ቃል ልትመልስ ብትፈልግም አልቻለችም፤ ሄዳ አጠገቡ ቆመች፤ እሱም አልሸሻትም። ውጭ የቆመው መኪና ሞተሩን አጠፋ።

እናትየው ተነሡ። ነጠላቸውን አስተካከሉ፤ ሩቅ መንገድ የሚሄድ ሰው ይመስሉ ነበር። «እንግዲያው እንሂድ» አሉ። «በዚህ መኪና ነው?»

«የትም አይሄዱም። ያደረጉት ወንጀል አይደለም። ይህንን ጽፌ ለአለቃዬ እሰጣለሁ፣ እሱም ይቀበለዋል።»

«ልጄንም አትወስጂውም?»

«አልወስደውም።»

እናትየው ይህን ሲሰሙ አንዴ በረጅሙ ተነፈሱ፤ ከትናንት ጀምሮ የተነፈሱት የመጀመሪያው ትንፋሽ ነበር። ቀጥለው የተረፈላቸውን ልጅ አዩት፤ ከሱ አልፈው ፎቅ ወደሚወስደው ደረጃ፣ ወደ ክፍላቸው፣ ከዛሬ ጀምሮ ወደሚኖሩበት ቀን ሁሉ።

«ወንጀል ቢሆንማ» አሉ፣ «የሚያልቅበት ቀን ነበረው።»