ከላይ ያለው ባዶ ቦታ

እኔ እኮ መንፈስ ምናምን ሲባል የምስቅ ሰው ነበርኩ፣ እመኑኝ፣ እናቴ እንኳ «ይቺ ልጅ ኮምፒውተር ተማርኩ ብላ እግዜርንም ረሳች» ትለኝ ነበር።

በደርግ ጊዜ ነው፣ ጉለሌ አንድ የመንግሥት ፋብሪካ ውስጥ ቁም ሣጥን የሚያክል ኮምፒውተር ነበረን፣ እኔና ግርማ በፈረቃ እንሠራበታለን። አንድ ቀን በግርማ ፈረቃ ማሽኑ ቀጥ አለ፣ ካድሬው «አሻጥር ነው!» አለና ግርማን አሳሰረው፣ ያኔ አሻጥረኛ የተባለ ሰው ምን እንደሚገጥመው እኔ ልንገራችሁ? ደግነቱ ያ ማሽን መብራት ቢጠፋም በሆዱ የያዘውን አይለቅም፣ ስለዚህ በምን ምክንያት እንደቆመ ማሳተም ይቻል ነበር፣ ግን ሰኞ ሥራ ይጀምር ስለተባለ፣ ከጀመረ ደግሞ ሁሉም ስለሚጠፋ፣ የቀረኝ እሑድ ብቻ ነበር።

እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበ፣ ብቻዬን ገባሁ፣ በሩ ላይ ያሉት ዘበኛው ጋሽ በቀለ ናቸው። ማሽኑን ለመቀስቀስ አጭር ማስነሻ ፕሮግራም በእጅ ይገባል፣ በማሽኑ ሆድ ውስጥ የት እንደሚያርፍ የሚነገረው ፊቱ ላይ በተደረደሩ ትንንሽ ማብሪያዎች ነው፣ ያረፈበት ቦታ ላይ የነበረውን ግን ይደመስሰዋል። እኔ እንደለመድኩት ከታች፣ ከመጀመሪያው ቦታ ላስገባው ብዬ ማብሪያዎቹን ሁሉ ወደ ታች አደረግኩና፣ የሚያፈሰውን መስኮት ልዘጋ ዞር አልኩ።

ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ።

ብመለስ በግራ በኩል ያሉት ቀና ብለዋል። ልብሴ ነክቷቸው ይሆናል ብዬ፣ በንዴት፣ መለስኳቸው። ለማተሚያው ወረቀት ላነሳ ጎንበስ ስል፣ ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ።

«ጋሽ በቀለ! ማነው የገባው?»

«ኧረ በስመአብ! ማንም አልገባም፣ እኔም ከወንበሬ ንቅንቅ አላልኩ። ምነው ልጄ፣ ፊትሽ አመድ መሰለ?»

ወደ ማሽኑ ተመለስኩ። ያኔ ነው አቀማመጡን ልብ ያልኩት፣ የግራዎቹ ቀና ሲሉ ማስነሻው ከላይ ይግባ ማለት ነው፣ ማስነሻውን ሁልጊዜ ከላይ፣ ጫፍ ካለው ባዶ ቦታ የሚያስገባው ግርማ ነበር።

«እሺ በቃ፣ እንዳልክ ይሁን» አልኩ ጮክ ብዬ፣ ጤነኛ ሰው እንዲህ ይላል? ከላይ አስገባሁት፣ ማተሚያው ተንጫጫ። ወረቀቱን ባየው፣ ያቆመው የመብራት መዋዠቅ እንጂ የሰው እጅ እንዳልሆነ ማሽኑ ራሱ መዝግቦ ይዞት ኖሯል፣ የያዘውም ከታች፣ እኔ ልደመስሰው በነበረው ቦታ ላይ ነው። ቁጭ ብዬ አለቀስኩ።

በዚያ ወረቀት ግርማ ተፈታ። ቀጨኔ ቤቱ ድረስ እንኳን ለቤትህ አበቃህ ልለው ሄድኩ፣ ከስቶ፣ ጺሙ አድጎ፣ ግን በሕይወት አለ፣ ተመስገን! የማብሪያዎቹን ነገር ለማንም፣ ለጋሽ በቀለም ቢሆን፣ ትንፍሽ አላልኩም ነበር። ሚስቱ ሻይ ሰጥታኝ ወደ ጓዳ ስትገባ ግርማ ጠጋ አለኝ።

«ቆይ አንቺ፣ ማብሪያዎቹን ለምን መለስሽብኝ? እጅሽ ደግሞ እንዴት ይቀዘቅዝ ነበር!»

ሻዩን ሳልጨርስ ወጣሁ። እስከ ዛሬ ድረስ ማብሪያ ከመንካቴ በፊት እጄን አሞቃለሁ።